ሳጥኑ አልከፈት አለ፦ አክብሮት፣ ስምና ክህደት በመዓዛ መንግሥቴ «ዘ ሻዶው ኪንግ»

የመዓዛ መንግሥቴ ሁለተኛ ልብ ወለድ «ዘ ሻዶው ኪንግ» በ2019 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ታትሞ በተከታዩ ዓመት ለቡከር ሽልማት ከመጨረሻዎቹ ዕጩዎች አንዱ ለመሆን በቅቷል። ስለ ድርሰቱ የተሰጡ አስተያየቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት ዘመቻውንና ሴት አርበኞችን ከታሪክ ጥግ ወደ መሐል በማምጣቱ ላይ ነው። አስተያየቱ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ የድርሰቱ ኢትዮጵያውያን ገጸ ባሕርያት እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት በአማርኛ መሆኑና ይህ አማርኛ ከገጹ ላይ አለመኖሩ እንደ ተራ ነገር ታልፏል። ነገሩ ተራ አይደለም። ምስጢርንና ክህደትን መሠረት ያደረገ ትረካ ማን ለማን፣ በምን ማዕርግ፣ በማን ስም ይናገራል በሚለው ላይ ይቆማል፤ በአማርኛ ደግሞ ይህ ሁሉ የሚወሰነው በግሱ መነሻና መድረሻ ላይ ነው።

ትረካው በሁለት ዘመን የተዘረጋ ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. ሂሩት የተባለች ሴት በአዲስ አበባ የባቡር ጣቢያ አንድ የብረት ሳጥን ይዛ ትጠብቃለች። በሳጥኑ ውስጥ ፎቶግራፎች፣ ደብዳቤዎችና የጋዜጣ ቁራጮች አሉ፤ ባለቤታቸው ኤቶሬ የሚባል የቀድሞ የኢጣልያ ወታደርና ፎቶግራፍ አንሺ ነው። ከዚያ ትረካው ወደ 1935 እ.ኤ.አ. ይመለሳል። ወላጆቿ የሞቱባት ወጣቷ ሂሩት በኪዳነና በሚስቱ በአስቴር ቤት ገረድ ሆና ትኖራለች። ከአባቷ የቀረላትን ውጅግራ ኪዳነ ለጦርነቱ ብሎ ይወስድባታል። አስቴር በባሏ ካባ ተጀቡና ሴቶችን ታስነሣለች፤ ሂሩት በመጠጊያዋ ሰው ትደፈራለች፤ ንጉሠ ነገሥቱ አገር ለቀው ሲሄዱ ንጉሡን የሚመስል አንድ ገበሬ በቦታቸው እንዲታይ ይደረጋል። መጽሐፉ ስሙን ያገኘው ከዚህ ሰው ነው። ሂሩትና አስቴር በኋላ በኮሎኔል ፉቼሊ እጅ ይወድቃሉ፤ ኤቶሬም በአለቃው ትእዛዝ ፎቶግራፋቸውን ያነሣል።

የሁለቱ ዘመን ስፌት ያለበትን ቦታ ማየት ይገባል። ድርሰቱ የሚቆጥረው በፈረንጅ ዓመት ነው። የኢጣልያ ጦር መረብን የተሻገረው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲሆን ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። በአገሩ ቁጥር ሁለቱም ክስተቶች የአዲስ ዓመት ጉዳዮች ናቸው፤ አንዱ ከእንቁጣጣሽ በሦስተኛው ሳምንት፣ ሌላው በማግስቱ። አንድ «1974» የሚል ርእስ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሁለት ዓመት ነው፤ «ስድሳ ስድስት» ሕዝቡ አብዮቱን የሚጠራበት ስም፣ «ስድሳ ሰባት» ደግሞ የንጉሡ ማብቂያ። ሂሩት በጣቢያው ወለል ላይ ስትቀመጥ በየትኛው ውስጥ እንዳለች እንግሊዝኛው አይጠይቅም። አማርኛ ግን ይጠይቃል፤ በነሐሴና በመስከረም መካከል አንድ ዓለም አለና።

ርእሱም ራሱ ወደ አማርኛ ሲቀርብ ይፈታተናል። በእንግሊዝኛ ሁለት ስሞች ጎን ለጎን ተቀምጠው ግንኙነታቸው ሳይነገር ይቀራል። አማርኛ «የንጉሥ ጥላ»፣ «የጥላ ንጉሥ» ወይም «ጥላው ንጉሥ» ብሎ መምረጥ አለበት፤ ሦስቱም አንድ አይደሉም። ጥላ ብርሃን ሲጋረድ የሚወድቀው ብቻ ሳይሆን በንጉሥና በታቦት ራስ ላይ የሚዘረጋውም ነው። ጥላ ከለላ መጠጊያ ነው፤ ጥላ ቢስ ግርማ የሌለው ነው፤ ጥላ ወጊ ደግሞ ሌሊት የሚፈራ ነው። የሐሰተኛው ንጉሥ ሥራ እነዚህን ሁሉ ያካትታል፦ ምስል ነው፣ ከለላ ነው፣ የሌለ ግርማን መተካት ነው። በእንግሊዝኛ በብዙ ገጽ የተገነባው ሐሳብ በአማርኛ በአንድ ባለ ሁለት ፊደል ቃል ውስጥ አስቀድሞ ተቀምጧል ማለት ነው። ይህን «ሰምና ወርቅ» ብሎ መገላገል ለሐያሲ ቀላል መንገድ ነው፤ ነገር ግን ማንም ገበሬ ቅኔ ሳይማር የሚያውቀው የቃል ብዝኀ ፍች ስለሆነ ቅኔ ማለቱ ያጋንነዋል።

የገጸ ባሕርያቱ ስሞች የበለጠ ይናገራሉ። ንጉሡን የሚመስለው ሰው ስሙ ምንም ነው፤ ድርሰቱም ትርጉሙን «ባዶ፣ የሌለ» አድርጎ ለእንግሊዝኛ አንባቢ ያቀርባል። ለሰዋስው ሰው ግን «ምንም» ብቻውን አሉታ አይደለም። አሉታዊ ግስ የሚፈልግ ቃል ነው፤ «ምንም የለም»፣ «ምንም አላየሁም» ይባላል፣ «ምንም አየሁ» አይባልም። በመልስ ብቻውን ሲቆም («ምን ሆነህ?» «ምንም») አሉታው ተውጦ ይገባል፤ «ምንም ቢሆን» ሲባል ደግሞ ማናቸውም ነገር ማለት ነው። ስለዚህ ሰውዬው «የሌለ» ብቻ አይደለም፤ የሚከተለው ግስ ምን እንደሆነ ሳይነገር የሚጠብቅ፣ ማናቸውንም ሊሆን የሚችል ቃል ነው። ንጉሥ መሆን የሚችለውም በዚህ ነው። ኪዳነም እንዲሁ ያላለቀ ስም ነው። በግእዝ ዘርፍ አያያዝ የመጨረሻው ፊደል ወደ ግእዝ ድምፅ ሲለወጥ ቀጣይ ቃል ይጠበቃል፦ ኪዳነ ማርያም፣ ኪዳነ ምሕረት። የተቆረጠው ስም በዕለት ተዕለት አጠራር የተለመደ ቢሆንም በዚህ ድርሰት ውስጥ ጥያቄው ይከብዳል፦ የማን ኪዳን? ሙት ልጅን አስጠግቶ የደፈረ ሰው ቃል ኪዳኑ ዘርፉ ጠፍቶበታል። ሂሩት (በጥንቱ አጻጻፍ ኂሩት) ቸርነት ናት። ስሟን ለማንም የማትገልጠው ወጥ ቤቷ ደግሞ እስከ መጨረሻው «ወጥ ቤቷ» ሆና ትቀራለች። በቤቱ ውስጥ የሷ ብቻ የሆነ ንብረት ስሟ ብቻ ስለሆነ አትሰጥም፤ ድርሰቱ ከያዛቸው ምስጢሮች ሁሉ ያልተከፈተውና መከፈትም የሌለበት ይህ ነው።

ሁሉንም የሚጠቀልለው ጉዳይ ግን አክብሮት ነው። በእንግሊዝኛ ሂሩት ለአስቴር፣ አስቴር ለሂሩት፣ ሂሩት ለኪዳነ፣ ኪዳነ ለንጉሡ የሚሉት የሁለተኛ መደብ ተውላጠ ስም አንድ ነው። በአማርኛ አስቴር ሂሩትን «አንቺ» ትላለች፤ ሂሩት «እሜቴ» ብላ «እርስዎ» ትላለች። የአንዲት ሎሌ ሰዋስው ይህ ነው። ኪዳነን «ጌቶች» ትላለች፤ ሲገቡ «ገቡ»፣ ሲወጡ «ወጡ» ትላለች። ከተደፈረችም በኋላ። እዚህ ላይ በእንግሊዝኛ ሊነገር የማይችል ጭካኔ አለ፦ አጥቂዋን በግስ ሁሉ እያከበረች ካልሆነ ስለ አጥቂዋ መናገር አትችልም። ነውሩን ለሌላ ሰው ልትገልጥ ብትሞክር ክሱ ራሱ በአክብሮት ቅርጽ ይወጣል። «እሳቸው ናቸው» ከማለት በቀር «እሱ ነው» ብትል መጀመሪያ የሚሰማው ጥቃቱ ሳይሆን ድፍረቷ ነው። ምስጢሩን የሚጠብቀው እንግዲህ ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ የቋንቋው ሥርዓት ራሱ ደጁን ይዘጋል።

ተራኪውም ከዚህ አያመልጥም። ድርሰቱ በሦስተኛ መደብ የሚተረክ ሲሆን አንጻሩ ከሂሩት ወደ አስቴር፣ ከአስቴር ወደ ኪዳነ፣ ከዚያ ወደ ኤቶሬ ይዘዋወራል። እንግሊዝኛው ዝውውሩን በምዕራፍና በድባብ ያሳያል። የአማርኛ ተራኪ ግን «ኪዳነ መጣ» ወይስ «ኪዳነ መጡ» ብሎ ከመጀመሪያው መስመር መወሰን አለበት። የዘመኑ ልብ ወለድ ልማድ ለአብዛኛው ገጸ ባሕርይ «መጣ» ይላል፤ ለንጉሥና ለሽማግሌ «መጡ» ይላል። በዚህ ልማድ መሄድ ኪዳነን ከተራኪው ጋር እኩያ ያደርገዋል፤ ይህም የአስቴር ዓይን እንጂ የሂሩት ዓይን አይደለም። አንዱን ክፍል በ«መጣ»፣ ሌላውን በ«መጡ» የሚጽፍ ተርጓሚ ቢገኝ የማን ምዕራፍ እንደሆነ ርእስ ሳያስፈልግ ይታወቃል። ከ«መጡ» ወደ «መጣ» የሚደረገው አንድ ሽግግር፣ ሂሩት ጠብመንጃ ይዛ ከቆመች በኋላ ቢመጣ፣ በእንግሊዝኛው ውስጥ በረጅም መግለጫ የተሠራውን ነጻነት በአንድ ፊደል ይሠራዋል።

የምንም መንገሥም በዚሁ ነው የሚፈጸመው። በእንግሊዝኛው የሚያነግሡት ልብሱ፣ አቋሙና የሰው ዓይን ናቸው። መመሳሰሉን መጀመሪያ ያስተዋለችው ሂሩት ናት፤ በኋላ ጠባቂው ትሆናለች። በአማርኛ የሚጠበቀው ቅጽበት ግን ሌላ ነው፦ ትናንት «አንተ» ያለችውን ሰው በየትኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው «ጃንሆይ፣ ይቀመጡ» የምትለው? ያ ግስ ሲወጣ ዘውዱ ተጭኗል። ከዚያ በኋላ ለብቻቸው ሲሆኑ ወደ «አንተ» ትመለሳለች ወይስ ትፈራለች የሚለው ደግሞ ድርሰቱ ያልጻፈው፣ አማርኛው ግን ሊያልፈው የማይችለው ትዕይንት ነው። በሌላ በኩል የሸሹት ንጉሥ አሉ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ሄዱ። «ሄዱ» እንጂ «ሄደ» የሚል አልነበረም፤ አገር ጥሎ መውጣትም በአክብሮት ይረባል።

ለንጽጽር ያህል፦ የአማርኛ የአክብሮት ቅርጽ ጾታን ያጠፋል። «እሳቸው መጡ» ሲባል ወንድ ይሁኑ ሴት አይታወቅም። ትግርኛ በአንጻሩ «ንሶም» እና «ንሰን» ብሎ በአክብሮትም ውስጥ ጾታን ይለያል፤ ኦሮምኛ «ኢሳን» ብሎ እንደ አማርኛ ይሸፍነዋል። ሴቶችን ስለደበቀ ታሪክ ለሚጽፍ ሰው ይህ ትልቅ መሣሪያ ነው። አንድ የስለላ መልእክት «ብለዋል» ብሎ ቢደርስ ላኪዋ ሴት መሆኗን ማንም አይጠረጥርም። በድርሰቱ ውስጥ የፉቼሊ ውሽማ መስላ ከጠላት ሰፈር ወሬ የምታወጣው ፊፊ በዚህ ቅርጽ ብትሸፈን ኖሮ ምስጢሯ በዘዴ ሳይሆን በሰዋስው ይጠበቅላት ነበር። አማርኛ ለሴት ሰላይ ከእንግሊዝኛ የተሻለ መደበቂያ ያለው ሰውን በማክበር ነው፤ ደፈር ብሎ ሲናገር ግን «አንቺ» ወዲያው ያጋልጣል።

ስለ ፊፊ ሲነሣ «ባንዳ» የሚለውን ቃል ማለፍ አይቻልም። ቃሉ ከኢጣልያንኛ የመጣ ሲሆን በመነሻው ከአገሬው ሰው የተመለመለ መደበኛ ያልሆነ ጦር ማለት ነበር፤ በአማርኛ ለጠላት ያደረ ከሃዲ ማለት ሆኖ ቀረ። የክህደት ስም እንኳ ከወራሪው ቋንቋ መወሰዱ የሚያስገርም ነው። ቃሉ የሴት ቅርጽ የለውም፤ በሰሚው አእምሮ የሚመጣው ጠብመንጃ ያነገበ ወንድ ነው። ለጠላት አደረች ለምትባል ሴት መንደሩ የሚያዘጋጀው ስድብ ከመኝታ ቤት እንጂ ከጦር ሜዳ አይመጣም። ድርሰቱ ይህን ልዩነት በሚገባ ተረድቶታል፤ ፊፊን ማንም ባንዳ ከማለቱ በፊት በሌላ ስም ይጠራታል። አማርኛው ሌላም አለው። «ካደ» ከግእዙ «ክሕደ» የወጣ ሲሆን አላደረግሁም ማለትን፣ ሃይማኖትን መተውን ይይዛል፤ «ከዳ» ደግሞ ጌታን ጥሎ ወደ ሌላ መሄድ ነው። በአነጋገር የተቀራረቡትን ሁለቱን ግሶች «ክህደት» የሚለው ስም አንድ ላይ ያስራቸዋል። ሂሩት ከእመቤቷ ቤት ትናንሽ ዕቃ ስትሰርቅና ስትጠየቅ የምትለው፣ ኪዳነ የሚያደርገው፣ ንጉሡ የፈጸሙት፣ ኤቶሬ ካሜራውን ሲያነሣ የሚሠራው በእንግሊዝኛ አራት ቃላት ይፈልጋል። በአማርኛ ሁሉም በአንድ ስም ስር ይገባሉ፤ መለየት ያለበት አንባቢው ነው።

ደራሲዋ በንግግር ዙሪያ ትእምርተ ጥቅስ አለመጠቀሟ ብዙ ተብሎበታል። በእንግሊዝኛ ውጤቱ ድምፆች እርስ በርስ እንዲፈስሱ፣ የማን ሐሳብ የት እንደሚያልቅ እንዳይታወቅ ማድረግ ነው። ጥቅሱን ማውጣት በአማርኛ ይህን አያመጣም። «አለ»፣ «አለች»፣ «አሉ» ከኋላ መጥተው ንግግሩን ለባለቤቱ ይመልሱታል፤ ጾታውንና ማዕርጉንም ጨምረው። ነገር ግን አማርኛ ከዚያ የሚበልጥ የራሱ ድብልቅ አለው። ፊሊፕ ሽሌንከር በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ምክንያት በዓለም የሥነ ልሳን ሰዎች ዘንድ የታወቀው የአማርኛ ጠባይ ይህ ነው፦ «ሂሩት አልሰረቅሁም አለች» ሲባል በአንደኛ መደብ የተነገረው ሂሩት ናት እንጂ ተናጋሪው አይደለም። ይህ ቀጥተኛ ጥቅስ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳየው ሁሉም ሰው በየቀኑ የሚለው ዓይነት ዓረፍተ ነገር ነው። «ሳጥኑ አልከፈትልኝ አለ።» በዚህ ግስ ውስጥ ሁለት «እኔ» አሉ፤ «አልከፈት» የሚለው ሳጥኑ ነው፣ «ልኝ» የምትለው የሳጥኑ ያዥ ናት። አንዱ እምቢ ይላል፣ ሌላዋ ትቸገራለች፤ ሁለቱም በአንደኛ መደብ፣ በአንድ ቃል ውስጥ።

ይህ ለሁለት ዘመን ትረካ የተሠራ ይመስላል። «ዘ ሻዶው ኪንግ» ሁለቱንም ዘመን በአብዛኛው በአሁን ጊዜ ግስ ይተርካል፤ ያለፈው አላለፈም ለማለት ነው። አማርኛ ሂሩትን በአሁን ጊዜ ለማቆየት ብዙ መታገል የለበትም። ባቡር ጣቢያው ላይ የተቀመጠችው ሴት ስለ ልጅነቷ «አልረሳልኝ አለ» ብትል፣ እምቢተኛው ትዝታና ተጨናቂዋ አሮጊት በአንድ ግስ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ምዕራፍ መክፈል ሳያስፈልግ።

ድርሰቱ የሚላላበት ቦታ ግን እዚሁ ጣቢያው ላይ ነው። የሳጥኑ ምስጢር የተባለው እንደ ምስጢር አይሠራም፤ አንባቢው ውስጡ ምን እንዳለ ገና ከጅምሩ ያውቃል፤ የሚቀረው ባለቤቱ መቼ ይመጣል የሚለው ነው። ኤቶሬ የአባቱ የተደበቀ አይሁዳዊ ማንነትና ከ1938 እ.ኤ.አ. የፋሺስት የዘር ሕግ የሚመጣበት ስጋት ስላለበት ትረካው ሐዘኔታን በብዛት ይሰጠዋል። እስረኞች ወደ ገደል ሲወረወሩ ያነሣ ሰው ደብዳቤውን አስቀምጪልኝ ማለቱና ሂሩትም ማስቀመጧ ከባድ ጉዳይ ነው፤ መጽሐፉ ግን ክብደቱን ከሂሩት ይልቅ በሱ ላይ ያሳርፋል። ያን ያህል ገጽ ለወጥ ቤቷ ቢሰጥ ኖሮ ይሻል ነበር። የአብዱልራዛቅ ጉርናህ «ዲዘርሽን» (2005 እ.ኤ.አ.) በዚህ ረገድ ይበልጠዋል። እዚያም ሁለት ዘመን አለ፤ በ1899 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ሬሃና ከአንድ እንግሊዛዊ ጋር የኖረችው ፍቅር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የልጅ ልጇን የጀሚላን ዕድል ያበላሻል። ተራኪው ራሺድ ግን ፍቅሩ እንዴት እንደተጀመረ እንደማያውቅ ያምናል፤ ባዶው ባዶ ሆኖ ይቀራል። ስዋሂሊ በተውላጠ ስሙ ወንድና ሴት አይለይም፤ ጉርናህም በእንግሊዝኛ ሲጽፍ የሴቶቹን ዝምታ ለመጠበቅ ሌላ መንገድ መፈለግ ነበረበት፤ አላውቅም ማለትን መረጠ። መዓዛ የመረጠችው በእያንዳንዱ ሰው ውስጥ መግባትን ነው፤ ወደ ኤቶሬ ስትገባም ያው በር በዚያው ስፋት ይከፈታል።

ኅብረ ድምፅ የተባሉት ክፍሎች በግሪክ ቴአትር ስም ቢጠሩም ለኢትዮጵያዊ ጆሮ የሚቀርቡት ለሙሾ ነው። ሙሾ አውራጅ ሟችን በሁለተኛ መደብ ትጠራለች፤ በሕይወት ሳለ «እርስዎ» ያለችውንም ሐዘኑ ሲጠና «አንተ» ልትለው ትችላለች። ሞት አክብሮትን ያነሣል። የድርሰቱ ኅብረ ድምፅ ይህን ነጻነት ቢያገኝ ኖሮ በሕይወት ያለውን ኪዳነን እንደ ሙት አድርጎ ሊናገረው ይችል ነበር።

የሴቶቹ ታሪክ ከልብ ወለድ ውጭም መሠረት አለው። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ለአርበኞች መረጃና ስንቅ በማቀበላቸው ተይዘው በአሲናራ ደሴት ታስረዋል፤ ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ባላቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ በፍቼ ከተገደሉ በኋላ ጦር መርተዋል። የእነዚህ ሴቶች ስም የተጠበቀው ከትልቅ ቤት ስለተገኙ መሆኑን መሸሸግ አይቻልም፤ የገረዶቹ አልተጠበቀም። ደራሲዋ በመጽሐፉ መጨረሻ የምትነግረው ግን ከቤቷ የወጣ ነው። ቅድመ አያቷ ጌጤይ ወደ ጦርነቱ ልትዘምት ፈልጋ አባቷ ጠብመንጃውን ለባሏ ሲሰጥባት አባቷን ከስሳ ረትታ ጠብመንጃውን ይዛ ዘምታለች። መዓዛ ይህን ከእናቷ የሰማችው ልብ ወለዱን በመጻፍ ብዙ ዓመት ካሳለፈች በኋላ ነው። ምስጢሩን የደበቀው ሰው አልነበረም፤ ጠያቂ ስላልነበረ ብቻ ተቀምጦ ነበር።

ያ ሙግት በየትኛው ቅርጽ እንደተነገረ ማሰብ ይገባል። በቆየው የሙግት ሥርዓት ልጅ አባቷን በዳኛ ፊት ስታቆም «እርስዎ» ብላ ነው የምትከስሰው። ጠብመንጃው ያለአግባብ ተወስዶብኛል ስትል ወሳጁን ታከብራለች። በልብ ወለዱ ውስጥ ሂሩት ለኪዳነ ይህን የምትልበት ሸንጎ የለም። ጣቢያው ላይ ኤቶሬ ሸብቶ ወደ እሷ ሲራመድ፣ ከዐሥርት ዓመታት በፊት እስረኛው የነበረችው ሴት የመጀመሪያውን ቃል በአማርኛ ብትናገር፣ «አንተ» ትለዋለች ወይስ «እርስዎ» የሚለውን የእንግሊዝኛው ገጽ አይመልስም። የሚተረጉመው ሰው ሳጥኑ ከመከፈቱ በፊት ይህን መወሰን ይኖርበታል።